ኮምፒውተራችሁ «ሜሞሪ አለቀ» ሲል፦ የዊንዶውስ ቨርቹዋል ሜሞሪ አስተካካል ደረጃ በደረጃ

ቨርቹዋል ሜሞሪ ነካክተው «ምንም ለውጥ የለውም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዱ ቁጥሩን አስገብቶ «ሴት» (Set) የሚለውን ቁልፍ ሳይጫን ይወጣል። ሌላው ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ቁጥር ይጨምራል። ሌላው ደግሞ 16 ጊጋ ራም (የኮምፒውተሩ ፈጣን የሥራ ሜሞሪ) ላለው ኮምፒውተር የተሰላ ቁጥር ከቪዲዮ ላይ ገልብጦ 4 ጊጋ ላይ ይለጥፋል። ቅደም ተከተሉን ከጠበቃችሁ ግን ሥራው ከግማሽ ሰዓት አያልፍም።

መመሪያው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። ማክ ያላችሁ አትድከሙ፤ ማክ ይህን ራሱ ነው የሚያስተዳድረው፣ የሚነካ ሴቲንግም የለውም።

መጀመሪያ ይህን እወቁ

ራም ሲጣበብ ዊንዶውስ ለጊዜው የማይነካውን ዳታ ከራም ያነሳና ዲስክ ላይ ወዳለ ድብቅ ፋይል ያወርደዋል። ፋይሉ ፔጂንግ ፋይል ይባላል፤ ቨርቹዋል ሜሞሪ መጨመር ስንል ይህን ፋይል ማሳደግ ማለታችን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሲ ድራይቭ ላይ ነው የሚቀመጠው። ፕሮግራሙ ዳታውን መልሶ ሲጠይቅ እንደገና ወደ ራም ይመጣል።

የራሙና የፔጂንግ ፋይሉ ድምር የኮምፒውተሩ ጣሪያ ነው። ፕሮግራሞች ሁሉ ተደምረው ከዚያ በላይ መጠየቅ አይችሉም። ጣሪያው ሲነካ «ሜሞሪ አንሷል፣ ፕሮግራም ዝጉ» የሚል መልእክት ይመጣል። አንዳንዴም መልእክት እንኳ ሳይኖር ፎቶሾፑ ወይም ጌሙ በራሱ ይዘጋል፤ ሴቭ ያልተደረገው ሥራም አብሮ ይሄዳል።

እንግዲህ ቨርቹዋል ሜሞሪ መጨመር ፕሮግራም በድንገት እንዳይዘጋ ያደርጋል እንጂ ኮምፒውተሩን አያፈጥነውም። ራም በናኖሰከንዶች ይመልሳል፣ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) በማይክሮሰከንዶች፣ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ደግሞ በሚሊሰከንዶች። አንድ ሚሊሰከንድ አንድ ሚሊዮን ናኖሰከንድ ነው። ስለዚህ «ቨርቹዋል ሜሞሪ ጨምሬ ኮምፒውተሬን ሮኬት አደርገዋለሁ» ያላችሁ ካላችሁ፣ አይሆንም።

ደረጃ 1፦ ችግሩ ከየት እንደሆነ ለዩ

1. ሁልጊዜ የምትሠሩባቸውን ፕሮግራሞች በሙሉ ክፈቱ። ብራውዘሩን ከነታቦቹ፣ ዎርዱን፣ ቴሌግራሙን፣ የሚያስቸግራችሁን ከባድ ፕሮግራምም ጭምር። ሥራችሁን ቀድማችሁ ሴቭ አድርጉ።
2. ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ትንሽ መስኮት ብቻ ከመጣ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ተጫኑ።
3. «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ገብታችሁ «ሜሞሪ» የሚለውን ምረጡ።
4. ከግራፉ በታች «ኮሚትድ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ሥሩ በእዝባር የተለዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ለምሳሌ 7.6/8.1 ጊጋባይት። የመጀመሪያው አሁን የተያዘው ነው። ሁለተኛው ያ ያልነው ጣሪያ ነው።
5. እንደልማዳችሁ ጥቂት ሥሩበትና የመጀመሪያው ቁጥር የደረሰበትን ከፍተኛ ልክ ወረቀት ላይ ጻፉት። በኋላ ለስሌቱ ትፈልጉታላችሁ።

አሁን አንብቡት።

ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራርበው ከሆነ፣ እንደ 7.6 እና 8.1፣ ችግራችሁ የቨርቹዋል ሜሞሪ ነው። ወደ ደረጃ 2 ሂዱ።

ሁለቱ ቁጥሮች ተራርቀው፣ ግን «ኢን ዩዝ» የሚለው ከራሙ ጋር ሊተካከል ምንም ያልቀረው ከሆነና ዲስኩም 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ከቀረ፣ ያነሰው ራሙ ነው። ጣሪያውን ከፍ ብታደርጉት ዲስኩ ላይ የሚመላለሰው ዳታ አይቀንስም። መጨረሻ ላይ ስለ ራም ያልኩትን አንብቡ።

ምንም ሳትነኩ የመጀመሪያው ቁጥር ብቻውን ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ፣ አንድ ፕሮግራም ሜሞሪ እየወሰደ አይመልስም ማለት ነው። ጣሪያ ብታሳድጉለት ያንንም ይሞላዋል። ጥፋተኛውን ለማግኘት «ዲቴይልስ» ውስጥ ግቡ፣ የዓምዶቹ ርዕስ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉ፣ «ሴሌክት ኮለምስ» ብላችሁ «ኮሚት ሳይዝ» ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በዚያው ዓምድ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩት። አንደኛ የወጣውን ፕሮግራም አፕዴት አድርጉት ወይም አጥፉት።

ሁሉም ቁጥር ዝቅተኛ ሆኖ ኮምፒውተሩ አሁንም ከተንቀራፈፈ፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ ሙቀት፣ ቫይረስ ወይም እየሞተ ያለ ሃርድ ዲስክ።

ደረጃ 2፦ ሲ ድራይቭን አስተንፍሱ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ፔጂንግ ፋይሉ ማደግ የሚችለው ዲስኩ ላይ ባዶ ቦታ ሲኖር ነው። ሲ ላይ 2 ጊጋ ብቻ ከቀረ የፈለጋችሁትን ቁጥር ብትጽፉ ትርጉም የለውም።

1. «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «ስቶሬጅ» ክፈቱ።
2. «ቴምፖራሪ ፋይልስ» ውስጥ ግቡ። የሚጠፉ ነገሮች ዝርዝር ይመጣል።
3. ከማጥፋታችሁ በፊት ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። እዚያ ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚል መስመር አለ። ምልክት ከተደረገበት ያወረዳችሁት ፋይል ሁሉ ይጠፋል። ምልክቱን አንሱ።
4. የቀረውን አጥፉ።

ከዚያ «ዳውንሎድስ» ፎልደርን ራሳችሁ ክፈቱና ውስጡ ያለውን «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር እዩ። የኛ ሰው ፊልሙንም፣ መጽሐፉንም፣ የሰርግ ቪዲዮውንም በቴሌግራም ነው የሚቀባበለው፤ ኮምፒውተር ላይ የወረደው ሁሉ እዚያ ይከማቻል። የማትፈልጉትን አጥፉ፣ የምትፈልጉትን ወደ ሌላ ድራይቭ አዛውሩ። መጨረሻ ላይ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አድርጉ። ያን ካላደረጋችሁ ቦታው አይለቀቅም።

ለፔጂንግ ፋይሉ ከምትሰጡት በላይ ቢያንስ 10 ጊጋ ባዶ ቦታ ይትረፍ። ዊንዶውስ ለአፕዴትም ቦታ ይፈልጋል።

ደረጃ 3፦ አውቶማቲክ ይበቃችኋል ወይ?

አውቶማቲክ ላይ ሲሆን ዊንዶውስ ፋይሉን እንደ አስፈላጊነቱ ያሳድጋል፣ ይቀንሳል። የሚደርስበት ጣሪያ የራሙ ሦስት እጥፍ ወይም 4 ጊጋ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። ግን ፋይሉ ካለበት ድራይቭ መጠን አንድ ስምንተኛ አያልፍም።

ይህ አንድ ስምንተኛ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። አንዳንድ ቴክኒሽያን ዊንዶውስ ሲጭን ሲን 60 ጊጋ አድርጎ ቀሪውን ሁሉ ለዲ ይሰጣል። 4 ጊጋ ራም ያለው ኮምፒውተር በራሙ ስሌት እስከ 12 ጊጋ ሊደርስ ይችል ነበር። የ60 ጊጋ አንድ ስምንተኛ ግን 7.5 ጊጋ ነው፤ እዚያ ላይ ይቆማል። ዲ ላይ 300 ጊጋ ባዶ ተኝቶ፣ ሲ ላይ ፕሮግራም ይዘጋል።

የኔ ምክር ይህ ነው። ሲ ሰፊ ከሆነና ከዚህ በፊት ማንም ካልነካው፣ ደረጃ 2ን ብቻ ሠርታችሁ አውቶማቲኩን ተዉት። በእጅ ቁጥር መስጠት የሚያስፈልገው፦

ሲ ጠባብ ሆኖ ሌላ የውስጥ ድራይቭ ላይ ቦታ ሲኖር፤ ወይም በአንድ ጊዜ ብዙ ሜሞሪ የሚጠይቅ ጌም ወይም የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ፋይሉ አድጎ ሳይደርስለት ሲዘጋ።

ሦስተኛም ሁኔታ አለ። ኮምፒውተሩን ያገለገለ ገዝታችሁት ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ትንሽ ቁጥር ሰጥቶት ወይም ጭራሽ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ያኔ መድኃኒቱ አዲስ ቁጥር ሳይሆን ወደ አውቶማቲክ መመለስ ነው።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩን አስሉ

«የራም አንድ ተኩል እጥፍ» የሚለውን የድሮ ቀመር እርሱት። 32 ጊጋ ራም ላለው 48 ጊጋ ዲስክ ያስበላል፣ 4 ጊጋ ራም ላለው ደግሞ ላይበቃው ይችላል። ወሳኙ እናንተ የምትሠሩት ሥራ ነው።

ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን ከፍተኛ ቁጥር ያዙ። ከሱ ላይ ራማችሁን ቀንሱ። የተገኘውን ወደ ላይ ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋጉት፤ ይህ የፔጂንግ ፋይሉ መነሻ ነው። ግማሹን ጨምሩበት፤ ይህ የፋይሉ ጣሪያ ነው።

በምሳሌ እንየው። 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ፣ ዊንዶውስ የሚጠቀምበት 3.9 ነው። ከፍተኛው የተያዘ ልክ 9.4 ነበር። ሲቀነስ 5.5 ይሆናል። ወደ ላይ ሲጠጋጋ 6 ጊጋ፣ መነሻው ይህ ነው። ግማሹ 3 ሲጨመር 9 ጊጋ፣ ጣሪያው ይህ ነው።

ፕሮግራሙ ገና ከፍተኛው ላይ ሳይደርስ የሚዘጋባችሁ ከሆነ፣ በ«ኮሚትድ» የመጀመሪያ ቁጥር ፋንታ ሁለተኛውን ወስዳችሁ 2 ጊጋ ጨምሩበትና በዚያ አስሉ።

ዊንዶውስ የሚቀበለው በሜጋባይት ነው። እያንዳንዱን ጊጋ በ1024 አባዙ። 4 ጊጋ 4096 ነው። 6 ጊጋ 6144፣ 8 ጊጋ 8192፣ 9 ጊጋ 9216፣ 12 ጊጋ 12288፣ 16 ጊጋ ደግሞ 16384 ነው። «6» ብሎ ጽፎ 6 ጊጋ የሰጠ የሚመስለው ሰው አለ፤ የጻፈው 6 ሜጋባይት ነው።

ደረጃ 5፦ ቁጥሩን አስገቡ

የአድሚኒስትሬተር አካውንት ያስፈልጋችኋል። የቢሮ ኮምፒውተር ከሆነ አይቲ ክፍሉን ሳትጠይቁ አትንኩ።

1. ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። በአማርኛ ፊደል ከፈለጋችሁ ሰርቹ ምንም አያመጣም።
2. ስታርት ላይ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፉ። «አድጀስት ዘ አፒራንስ ኤንድ ፐርፎርማንስ ኦፍ ዊንዶውስ» የሚለውን ምረጡ።
3. በሚከፈተው መስኮት ከላይ «አድቫንስድ» የሚለውን ታብ ተጫኑ።
4. «ቨርቹዋል ሜሞሪ» በሚለው ሥር «ቼንጅ» ተጫኑ።
5. ከመንካታችሁ በፊት አሁን ያለውን መስኮት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ነገር ከተበላሸ መመለሻችሁ ይኸው ፎቶ ነው።
6. ከላይ «አውቶማቲካሊ ማኔጅ» ብሎ የሚጀምረው ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ምልክቱ እስካለ ድረስ ከሥሩ ያለው ሁሉ ግራጫ ሆኖ አይነካም።
7. ከዝርዝሩ ድራይቩን ምረጡ። ሲ ላይ ቦታ ካለ ሲን።
8. «ከስተም ሳይዝ» ምረጡ። «ኢኒሺያል ሳይዝ» ላይ መነሻውን (በምሳሌያችን 6144)፣ «ማክሲመም ሳይዝ» ላይ ጣሪያውን (9216) ጻፉ። ቁጥር ብቻ፤ ነጠላ ሰረዝም ሆነ «ጊጋ» የሚል ቃል አይገባም።
9. «ሴት» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ከላይ በዝርዝሩ ውስጥ ከድራይቩ ስም ጎን «6144 - 9216» የሚል ቁጥር መውጣቱን በዓይናችሁ እዩ። ካልወጣ አልተመዘገበም።
10. «ኦኬ» ተጫኑ። ክፍት የሆኑትን መስኮቶችም በ«ኦኬ» ዝጉ።

በመስኮቱ ግርጌ «ሬኮሜንድድ» የሚል ቁጥር አለ። ብዙ ጊዜ ከ2000 በታች ስለሆነ ሰው ያደናግራል። ያሰላችሁትን ትታችሁ እሱን አትከተሉ።

ሲ ጠባብ ለሆነባችሁ

ሲን ጭራሽ ያለ ፔጂንግ ፋይል አትተዉት። ሲ ላይ መነሻውንም ጣሪያውንም 1024 ስጡና «ሴት» ተጫኑ። ከዚያ ከዝርዝሩ ዲን ምረጡ፣ ቀሪውን ቁጥር አስገቡ፣ እንደገና «ሴት» ተጫኑ። ለእያንዳንዱ ድራይቭ ለየብቻ ነው የሚጫነው። ሲ ላይ ትንሽ የምናስቀርበት ምክንያት አለ፦ ሰማያዊው የብልሽት ስክሪን ሲመጣ ዊንዶውስ የብልሽቱን መረጃ መጀመሪያ እዚያ ፋይል ላይ ነው የሚጽፈው።

ሲና ዲ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍል ከሆኑ የምታተርፉት ቦታ ብቻ ነው፤ ፍጥነት አይጨምርም። ሲ ኤስኤስዲ፣ ዲ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ሲን አጽድታችሁ እዚያው ማስቀመጥ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ሪስታርት አድርጉና አረጋግጡ

«ሪስታርት» ተጫኑ። «ሻት ዳውን» አይደለም። ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ስለሚሠራ፣ ሻት ዳውን አድርጋችሁ ስትከፍቱ ዊንዶውስ ከባዶ አይነሳም። ባትሪው ለሞተ ላፕቶፕና ለዴስክቶፕ አንድ ማሳሰቢያ፦ መብራት የሚሄድ የሚመጣ ከሆነ እስኪረጋጋ ጠብቁ።

ሲነሳ ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ የ«ኮሚትድ»ን ሁለተኛ ቁጥር እዩ። የራሙና የመነሻው ድምር መሆን አለበት። በምሳሌያችን 3.9 እና 6 ተደምረው ወደ 9.9 ገደማ። ፕሮግራሞቹ ሲጠይቁ ይህ ቁጥር እስከ 12.9 ያድጋል። ሲ ላይ ያለው ባዶ ቦታም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ አትደንግጡ፣ የጨመራችሁት ፋይል ነው።

ከዚያ መጀመሪያ ያስቸገራችሁን ሥራ ያንኑ ድገሙት።

ሳይሆን ሲቀር

ቁጥሩ ተመልሶ ወደ ድሮው ሄደ፦ «ሴት» አልተጫነም። ከደረጃ 5 ተራ ቁጥር 7 ጀምራችሁ ድገሙ።

ቁጥሩን አልቀበልም አለ፦ ጣሪያው ከመነሻው አንሶ ተጽፎ እንደሆነ ወይም ሳጥኖቹ ተቀያይረው እንደሆነ እዩ። ካልሆነ ድራይቩ ላይ ያን ያህል ባዶ ቦታ የለም።

«መነሻው ካነሰ የብልሽት መረጃ ላይመዘገብ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ፦ ሲ ላይ የሰጣችሁት ትንሽ ነው። «ኖ» በሉና ቁጥሩን ከፍ አድርጉ።

ዊንዶውስ ሲነሳ «ጊዜያዊ ፔጂንግ ፋይል ፈጥሬያለሁ» የሚል መልእክት አመጣ፦ የመረጣችሁትን ድራይቭ አላገኘውም ወይም ፋይሉን እዚያ መፍጠር አልቻለም። ወደ «ቨርቹዋል ሜሞሪ» መስኮት ተመለሱ፣ የአውቶማቲኩን ምልክት መልሱ፣ «ኦኬ» ብላችሁ ሪስታርት አድርጉ። መልእክቱ ከጠፋ በኋላ ሌላ ድራይቭ መርጣችሁ ሞክሩ።

ኮምፒውተሩ እስከመጨረሻው አልነሳ አለ ወይም ዴስክቶፑ ላይ ስታክ አደረገ፦ በሴፍ ሞድ ግቡ። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ስክሪን ላይ ሺፍትን እንደያዛችሁ ከፓወር ምልክቱ «ሪስታርት» ተጫኑ። «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ሪስታርት»። ዝርዝሩ ሲመጣ 4 ቁጥርን ተጫኑ። እዚያ ገብታችሁ አውቶማቲኩን መልሱ። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ መሃል ላይ ረጅም የቢትሎከር ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ በስልክ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ጣሪያው አድጎም ያው ፕሮግራም ብቻ ይዘጋል፦ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የፈለገ ሜሞሪ ቢኖር ከ4 ጊጋ በላይ መጠቀም አይችልም፤ አብዛኞቹ 2 ጊጋ ላይ ነው የሚቆሙት። ባለ 64 ቢቱን ጫኑ።

ፈጽሞ አታድርጉ

«ኖ ፔጂንግ ፋይል» ብላችሁ ሙሉ በሙሉ አታጥፉት። «ኤስኤስዲዬ እንዳይጎዳ» ብለው የሚያጠፉ አሉ። በቤት ውስጥ አጠቃቀም ፔጂንግ ፋይል ኤስኤስዲ አይገድልም፤ ያልተቀመጠ ሥራ ማጣት ግን ያማል።

ፋይሉን ፍላሽ ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ ላይ ለማስቀመጥ አትሞክሩ። አንድ ሰው ሳያውቅ ቢነቅለው ኮምፒውተሩ ባለበት ይቆማል።

ድብቁን ፋይል ፈልጋችሁ በእጅ ለማጥፋትም አትታገሉ። መጠኑ የሚቀነሰው በዚያው ሴቲንግ ብቻ ነው።

ያነሰው ራም ከሆነ

መጀመሪያ ነፃውን ሞክሩ። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለውን ክፈቱና ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች «ዲሴብል» አድርጉ። ክሮም የምትጠቀሙ ከሆነ ሴቲንጉ ውስጥ «ሜሞሪ ሴቨር» የሚለውን አብሩ፤ የማታዩዋቸውን ታቦች ያስተኛል። 4 ጊጋ ላይ ይህ ብቻውን ትልቅ ልዩነት አለው።

ካልበቃ መግዛት ነው። ታስክ ማናጀር «ሜሞሪ» ገጽ ላይ «ስሎትስ ዩዝድ» የሚለውን እዩ። «1 ኦፍ 2» ካለ አንድ ባዶ ቦታ አላችሁ። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ግን ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ ቴክኒሽያን ከፍቶ ሳያይላችሁ ገንዘብ አታውጡ። ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ራም አስወጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ ወይም ላዩ ላይ ያለውን ስቲከር ፎቶ አንሱ። ዲዲአር3 ላይ ዲዲአር4 አይገባም፤ የዴስክቶፕ ራምም ላፕቶፕ ላይ አይሆንም።

ራሙ ከተጨመረ በኋላ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱና የአውቶማቲኩን ምልክት መልሱ። ለ4 ጊጋ ያሰላችሁት ቁጥር ለ8 ጊጋ አይሆንም።